ሾክ

በተለምዶ አነጋገር «ሾክ» ድንጋጤ ነው፤ ክፉ ወሬ የሰማ ሰው «ሾክ ሆነ» ይባላል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ቃሉ ሌላ ነው፦ ደም ለሕብረ ሕዋሳት በቂ ኦክስጅን ማድረስ ሲሳነው የሚፈጠር፣ ለሞት የሚያደርስ ሁኔታ። ከባድ የደም መፍሰስ፣ የልብ ድካም ወይም ብርቱ ኢንፌክሽን ያመጣዋል።

የደም ግፊት ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ግፊቱ በመድኃኒት ተስተካክሎም ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ደም ሊያጥራቸው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች የላክቴትን (ሕዋሳት ኦክስጅን ሲያጥራቸው በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) እና የሽንትን መጠን፣ የጉልበት ቆዳ መዥጎርጎርንም ይከታተላሉ።

ጣትም ብዙ ይናገራል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው «አንድሮሜዳ ሾክ» ጥናት በ5 የደቡብ አሜሪካ አገሮች 424 የሴፕቲክ ሾክ (በኢንፌክሽን የሚመጣ ሾክ) ሕሙማንን አካቷል። የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ጫፍ በመስታወት ስላይድ ለ10 ሰከንድ ይጫናል፤ ሲለቀቅ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የደም ዝውውሩ ተጓድሏል ማለት ነው። ሕክምናቸው በዚህ ምርመራ ከተመራ ሕሙማን 34.9 በመቶ፣ በላክቴት ከተመራ ደግሞ 43.4 በመቶ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል።

ልዩነቱ የስታቲስቲክስን መስፈርት ለጥቂት አላሟላም። ቢሆንም ላቦራቶሪ በማይደረስበት ሆስፒታል ይህን ምርመራ ችላ ማለት ትልቅ ጥፋት ነው፤ የሚጠይቀው ብርሃን፣ ሰዓትና ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ነው።