ቻው

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚነሳ ሚኒባስ መስኮት የምንለዋወጠው «ቻው» እንደ ማኪያቶና ፌርማታ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ሥሩ የቬኒስ ሰዎች «ባሪያዎ ነኝ» የሚሉበት የትሕትና ሰላምታ ነበር። ጣሊያኖች ሲገናኙም ሲለያዩም ይሉታል፤ እኛ መለያያውን ብቻ ወሰድን። የወሰድነውን ግን አበዛነው። «እሺ፣ ቻው ቻው» ስልክ ይዘጋል። «ቻው በይ» የተባለች ሕፃን አፏን ሳትከፍት እጇን ታወዛውዛለች። «ቻው ሳይለኝ ሄደ» ደግሞ ቅሬታ ነው፣ ያውም የሚቆይ።

ጣሊያኖችም አንቱ ለሚሉት ሰው «ቻው» አይሉም። እኛም ዘንድ መርሳ ለሚወርዱ አዛውንት የሚገባው «በሰላም ያግባዎ» ነው፤ «አሜን» ብለው ይቀበላሉ። ለ«ቻው» አሜን አይባልም፤ ስለዚህ ምርቃቱን እንዲተካው አልፈልግም።