የተዘበራረቀ ንግግርና ሁለቱ የአንጎል ጎኖች፦ ከብሮካ እስከ ዛሬ

እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር መናገር ተስኖት የኖረን የአንድ ሕመምተኛ አንጎል ከሞቱ በኋላ መርምሮ በግራው የፊት ክፍል ላይ ጉዳት አገኘ። በ1874 ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ ደግሞ ከግራ ጆሮ ግንድ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ሕመምተኛው አቀላጥፎ ቢናገርም ንግግሩ ትርጉም እንደሚያጣ ገለጸ።

ይህ ግኝት የአእምሮ ሕሙማንም የተዘበራረቀ ንግግር ከግራው ጎን ጉዳት ይመነጭ ይሆን የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አልቀረም። በ1879 ብሪታንያዊው ጄምስ ክራይተን ብራውን የሟች አእምሮ ሕሙማንን አንጎል እየመዘነ፣ በዕድገት የመጨረሻ የሆነው ግራው ጎን ቀድሞ ሳይታወክ አይቀርም ሲል ገመተ። በ1908 ለሕመሙ «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውን ስም ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር ግን የንግግሩን መዛባት የሐሳብ ትስስር መላላት ውጤት አድርጎ ተመለከተው።

ጥያቄው በ1969 እንደገና አንሠራራ። ፒየር ፍሎር ሄንሪ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሕሙማን መካከል ስኪዞፍሬኒያ መሰል ሕመም የሚታየው በተለይ መነሻው በግራ በሆነባቸው ላይ መሆኑን አመለከተ። በ1992 ማርታ ሼንተንና ባልደረቦቿ በቦስተን 15 ወንድ ሕሙማንን በኤም.አር.አይ. መርምረው፣ የሐሳብ መዛባቱ በበረታ መጠን በግራው ጆሮ ግንድ በኩል ያለ አንድ የአንጎል ክፍል አንሶ መገኘቱን አስታወቁ። በ1997 ቲሞቲ ክሮው ስኪዞፍሬኒያ የሰው ልጅ ለቋንቋ የከፈለው ዋጋ ነው እስከ ማለት ደረሰ፤ ሆኖም በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሕመሙን ያያያዙት ከአንድ ዘረ መል ጋር ሳይሆን ከብዙዎች ጋር ነው።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው ሥዕል ከመጀመሪያው ግምት ይለያል። በብዙ ሕሙማን ላይ የሚታየው የግራው ጎን መጥፋት ሳይሆን የሥራ ክፍፍሉ መላላት ነው፤ በቋንቋ ሥራ ጊዜ ቀኙ ጎን ከተለመደው በላይ ይሳተፋል። በ2008 የኔዘርላንዷ አይሪስ ሶመርና ባልደረቦቿ፣ ሕሙማን የሌለ ድምፅ በሚሰሙበት ጊዜ በይበልጥ የሚነቃው በቀኝ በኩል ከብሮካ ክፍል ትይዩ ያለው ስፍራ መሆኑን አሳዩ።

እነዚህ ውጤቶች ግን የቡድን አማካዮች ናቸው፤ አንድን ሕመምተኛ በአንጎል ምስል ብቻ «ስኪዞፍሬኒያ አለበት» ለማለት አያስችሉም። ምርመራው ዛሬም ሕመምተኛውን በማዳመጥ ይጀምራል። በዕድሜ የገፋ ጤነኛ ሰው በድንገት ትርጉም የለሽ ንግግር ቢያወርድ «አበደ» ከማለት በፊት ስትሮክን ማሰብ ይገባል። የዕቃ ስም አስጠርቶ፣ ዓረፍተ ነገር አስደግሞ ማየት ብዙ ይረዳል፤ ቬርኒከ በገለጸው ሕመም ሁለቱም ይሰናከላሉ፣ በስኪዞፍሬኒያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። ይህ አልጋ አጠገብ የሚደረግ ቀላል ፈተና የአንድን ሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።