የከተማችን ፍሳሽ ታሪክና የእኛ ድርሻ



በዚህ በየዓመቱ በሚወጣው መጽሔታችን ስለ ዕድር አመሠራረት፣ ስለ ቁጠባና ስለ መልካም ጉርብትና ብዙ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ዘንድሮ ሰው ሊያነሣው ስለሚያፍርበት ነገር፣ ማለትም ከየቤታችን ስለሚወጣው ፍሳሽ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። ነውሩ እኮ መናገሩ አይደለም፤ በጎረቤት ደጃፍ መልቀቁ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ሕዝቡ ጥቂት፣ ሜዳው ሰፊ ስለነበረ ጫካውና ወንዙ ሁሉን ይችል ነበር። የተጣለውንም ጥንብ ሌሊት ጅብ እየመጣ ያነሣው ነበር። በ1886 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ስቦ ቤተ መንግሥት አስገባ። ከዚያም በ1930ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1963 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ለገዳዲ ተገድበው ውሃው ወደየሠፈሩ ደረሰ። ልብ በሉ፤ ውሃውን ለማስገባት ይህን ያህል ዘመን ሲደከም ስለ መውጫው ግን እምብዛም አልታሰበም። ውሃ ደግሞ ከገባ መውጣቱ አይቀርም። ወደ ጉድጓድ ይገባል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ወደ ዲች፣ ከዲቹም ወደ ቀበና፣ ወደ ግንፍሌና ወደ ባንተይቀጡ ይወርዳል። እነዚህም ወደ አቃቂ ገብተው አባ ሳሙኤል ይደርሳሉ።

የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. ነው። በ1970ዎቹ ለመሀል ከተማው ዋና የፍሳሽ መስመር ተዘርግቶ ቃሊቲ ላይ የማጣሪያ ኩሬዎች ተሠሩ። ከተማችን ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ቁልቁል የምትወርድ ስለሆነች ፍሳሹ አብዛኛውን መንገድ ያለ ሞተር በራሱ ይወርዳል። ኩሬዎቹም በፀሐይና በረቂቃን ተሕዋስያን ኃይል ያጣሩት ነበር። ነገር ግን አቅማቸው በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፣ የታሰቡትም ለ50,000 ሰው ግድም ነበር። የከተማው ሕዝብ ያኔም ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበረና የቀረነው በጉድጓድና በመምጠጫ መኪና ስንተዳደር ኖርን።

ለውጡ የመጣው በውጭ ገንዘብ ነው። የዓለም ባንክ ለአዲስ አበባና ለሌሎች ከተሞች ውሃና ንጽሕና በ1999 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2004 ዓ.ም. 150 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ለአዲስ አበባና ለሌሎች 22 ከተሞች 445 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ቃሊቲም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ ተሠርቶ በ2010 ዓ.ም. ተመረቀ። ይኸውም ከቀድሞው 13 እጥፍ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ብዙዎቻችን «ፈረንጅ ሠራልን» እንላለን። ይሁን እንጂ ያ 445 ሚሊዮን ዶላር ብድር ነው። ወለዱ ቢያንስ፣ መክፈያው ቢረዝምም ብድር ብድር ነው፤ የሚከፍሉት ልጆቻችን ናቸው። ታዲያ ትቦው መንገድ ላይ ተቀብሮ እኛ ካልተቀጠልንበት፣ ልጆቻችን ላልተጠቀምንበት ነገር ይከፍላሉ ማለት ነው። አበዳሪ ዋናውን ትቦ ያመጣል፤ ከመንገዱ እስከ ሽንት ቤቱ ያለችውን አጭር መንገድ ግን ባለቤቱ ካላሰበባት ማን ያስብላታል? ማንሆሉ ደጅ ላይ እያለ ጓሮ ያለው ጉድጓድ ሞልቶ የሚፈስበት ግቢ አለ። ክረምት ሲገባ ከዝናብ ጋር ወደ ወንዝ የሚለቁም አሉ። «ጎርፍ ይወስደዋል» ይባላል። ወዴት ይወስደዋል? በአቃቂ ወንዞች ዳር ጎመንና ሰላጣ በዚያው ውሃ ይለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. አተት በከተማችን ገብቶ ስንቱን እንዳሳመመ አንረሳውም።

በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት በሚጠቀምበት ሠፈር ጡረተኛዋ እናት የመቀጠያውን ወጪ ብቻዋን አትችለውም፤ ግቢው ተባብሮ ሲያዋጣ ግን ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ዕድራችን ድንኳን ተክሎ የሞተውን ከቀበረና ያዘነውን ካጽናና፣ ያለው ሰው እንዳይታመም ቢመክር ከደንቡ መውጣት አይደለም።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እንዲነሣ እናሳስባለን። አንደኛ፣ መስመሩ በደጃቸው እያለፈ ያልተቀጠሉ ግቢዎች ተቈጥረው ይመዝገቡ። ሁለተኛ፣ አቅም ለሌላቸው አባላት ዕድሩ በየወሩ የሚመለስ ብድር መስጠት ይችል እንደሆነ ይታይ። ሦስተኛ፣ የተቀጠልነውም የጣራ ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመር አንልቀቅ፤ ጨርቅና ላስቲክም አንጣል። ክረምት ማንሆል የሚገነፍለው በዚህ ጭምር ነውና።

የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን እንዲያዘጋጁልን በአክብሮት እንጠይቃለን።