"ጥናት" ስንል የትኛውን ነው?

በአማርኛችን "ጥናት" የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ለፈተና መሸምደድም ጥናት ነው፤ አንድን ጉዳይ መርምሮ ማወቅም ጥናት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚዘጋጀው የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረለት የመጀመሪያው ብቻ ይመስላል።

ለሁለተኛው ዲግሪ መጠበቅ እንደማያስፈልግ የራሳችን ቤት ታሪክ ይመሰክራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቋመና እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ መጽሔት ማውጣት ያዘ። በመጽሔቱ ላይ ከጻፉት መካከል ገና ያልተመረቁ ተማሪዎች ነበሩ፤ የየመጡበትን አገር ልማድ ሽማግሌ ጠይቀው ነው የጻፉት። ኋላም የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ሲኒየር ኤሴይ፣ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን ለመሳሰሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ምንጭ እስከ መሆን ደርሷል።

በ1994 ዓ.ም. ግድም መሰናዶ ሲጀመር የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ። ኮርሱ ወረደ እንጂ ቤተ መጻሕፍቱና አማካሪው አብረው አልወረዱም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲሰማ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ታዲያ መፍትሔው ይበልጥ መሸምደድ ነው?

አንድ የሰባተኛ ልጅ እናስብ። አራዳ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ያዛወረው ጣሊያን እንደሆነ፣ "መርካቶ" የሚለውም ስም ከዚያው ዘመን እንደቀረ መጽሐፍ ይነግረዋል። "ሰፈሬ ለምን ሰባተኛ ተባለ? በዚህ መንገድ ምን ይሸጥ ነበር? ማን ከየት መጣ?" ለሚለው ግን ራሱ መነሳት አለበት። ሦስት አዛውንት ይጠይቃል፤ ቃላቸው ሲለያይ የማን ይበልጥ እንደሚታመን ያመዛዝናል፤ ሰነድ ይፈልጋል፤ አምስት ገጽ ይጽፋል። አለቀ፣ ምርምር ማለት ይኼው ነው። ላብራቶሪም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

"በፈተና ሰሞን ማን ጊዜ አለው?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጊዜ ያንሳል። ነገር ግን ሁለት የሚጋጩ ምስክርነቶችን ያመዛዘነ ልጅ የፈተናውንም ምንባብ በሌላ ዓይን ነው የሚያነበው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም የመመረቂያ ጽሑፉን ከሌላ ሰው ለመቅዳት አይቸኩልም።

የሚጎድለው የሚያማክር ሰው ነው። እኛ ደግሞ እዚሁ አለን። መምህራን በዓመት አንድ ተማሪ ብንይዝ፣ የቀድሞ ተማሪዎችም በተማርንበት ትምህርት ቤት ረቂቁን አንብበን "ይህን በምን አወቅህ?" ብለን ብንጠይቅ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።