ዓይንና እጅ፤ የመብራት ዲዛይነሩ ጠረጴዛ ከኮንሶሉ ጋር የተገናኘበት ታሪክ



በቴአትር ታሪክ ትምህርት ስለ ጸሐፌ ተውኔት፣ ስለ አዘጋጅና ስለ ተዋናይ ብዙ እንነጋገራለን። ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ በቴክኒክ ልምምድ ጊዜ በተመልካች መቀመጫዎች መካከል የሚዘረጋ አንድ ጠረጴዛ፣ በላዩም ሁለት ስክሪንና አንድ የቁልፍ ሰሌዳ። የመብራት ዲዛይነሩ እዚያ ተቀምጦ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ካለው ዋናው የመብራት መቆጣጠሪያ ጋር በገመድ ይገናኛል። መቆጣጠሪያውን ከእንግዲህ ኮንሶል እለዋለሁ፤ በሙሉ ስሙ ስጠራው ብውል ሰዓቱ አይበቃንም።

የዚህን ጠረጴዛ አመጣጥ ስከታተል ያገኘሁት የመሣሪያ ታሪክ ብቻ አልነበረም። መድረኩን የሚያየው ዓይንና ብርሃኑን የሚያንቀሳቅሰው እጅ ለረጅም ዘመን የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። እኔ የምከተለው በሁለቱ መካከል የነበረውን ርቀት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጋዝ መብራት በአውሮፓ ቴአትር ቤቶች ሲስፋፋ፣ ቧንቧዎቹ ወደ አንድ ቦታ ተሰብስበው በመክፈቻና በመዝጊያ ቁልፎች ይታዘዙ ጀመር። ሠራተኛው መድረኩን ከአንድ ቦታ ማድመቅና ማደብዘዝ ቻለ፤ የሚቆመው ግን ከመድረኩ ጎን ስለሆነ ተመልካቹ የሚያየውን ሥዕል አያይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 የለንደኑ ሳቮይ ቴአትር በኤሌክትሪክ አምፖሎች ሲበራ የእሳት ስጋት ቀነሰ፣ የሠራተኛው ቦታ ግን ብዙም አልተለወጠም። ምክንያቱ ቀላል ነው። መብራቱን የሚያደበዝዘው ዲመር የአምፖሉን ሙሉ ጅረት በራሱ ውስጥ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ እጀታውም ከአካሉ አይለይም። በኒው ዮርክ ብሮድዌይ እነዚህ ሰሌዳዎች በግዝፈታቸው «የፒያኖ ቦርድ» ይባሉ ነበር። የመብራት ሠራተኞች ከመድረኩ ጎን ቆመው፣ በወረቀት የተጻፈላቸውን ቁጥር እያነበቡ እጀታዎቹን ይገፉ ነበር። ያደመቁትን ፊት ሳያዩ ዓመታትን ያሳለፉ ሰዎች ናቸው።

ርቀቱን ለማጥበብ ከተነሡት መካከል ሁለቱን ልጥቀስ። እንግሊዛዊው ፍሬድ ቤንተም እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳየው የብርሃን ኮንሶል የተሠራው በኦርጋን አምሳል ነበር፤ እንደ እሱ እምነት መብራት የሚጫወቱት ነገር ነው፣ የሚጫወተውም ሰው መድረኩን ማየት አለበት። አሜሪካዊው ጆርጅ አይዘናወር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 በዬል ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሮን ቱቦዎች የሚሠራ ሥርዓት አቆመ። ትልቁን ጅረት የሚታዘዘው በጥቂት ቮልቴጅ ስለሆነ እጀታው ከዲመሩ ሊርቅ ቻለ። በእኔ አስተያየት የዲዛይነሩ ጠረጴዛ ታሪክ የሚጀምረው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከዚህ መለያየት ነው። እጁ ከብረቱ ከተላቀቀ በኋላ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ የገመድ ርዝመት ጉዳይ ብቻ ሆነ።

ኮምፒውተሩ ብሮድዌይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ታሮን መሰር «ኤ ኮረስ ላይን» ለተባለው የሙዚቃ ተውኔት በሠራችው መብራት፣ የፒያኖ ቦርዶቹ ቀርተው ትዕይንቶቹን በራሱ የሚያስታውስ ኮንሶል ገባ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የመብራት ለውጥ በቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ዲዛይነሩ ግን ገና ቁልፍ አልነካም። አዳራሹ መካከል ተቀምጦ በጆሮ ማዳመጫው «12 ቁጥርን ወደ 30 አምጣልኝ፤ አሁን መዝግብ» እያለ ይናገራል፤ ኦፕሬተሩ ይጫናል። ወደ ጠረጴዛው መጀመሪያ የመጣው ቁልፍ ሳይሆን ስክሪን ነው፤ የኮንሶሉ ምስል በቪዲዮ ገመድ ተቀድቶ ይታያል። ዲዛይነሩ ያያል፣ አይነካም። ይህን ዘመን ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ እኔ እጠራጠራለሁ።

ከዚያ በላይ ለመሄድ ያገደው አንዱ ነገር የመልእክቱ ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ዲኤምኤክስ 512 የተባለው መለኪያ በአንድ ገመድ 512 የብርሃን መጠኖችን ያስተላልፋል፤ ነገር ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ላኪው ይናገራል፣ ተቀባዩ ዝም ይላል። በዚያው መስመር ላይ ሁለተኛ ላኪ ቢቀጠል መልእክቶቹ ይጋጫሉ። ቢሮዎች የሚጠቀሙበት የኢተርኔት ኔትወርክ ወደ ቴአትር ሲገባ ግን ሁለት መሣሪያዎች መነጋገር ቻሉ። የሚለዋወጡትም የብርሃን መጠንን ብቻ ሳይሆን መላውን የትርኢት መዝገብና የተጫኑትን ቁልፎች ጭምር ነው። በዚህ ምክንያት ነው ዛሬ ሁለተኛ ጣቢያ ስንጨምር ሶፍትዌሩ ከኮንሶሉ ጋር አንድ እትም መሆኑን፣ አድራሻውም በአንድ ኔትወርክ ውስጥ መውደቁን፣ የመዳብ ገመዱም ከ100 ሜትር አለመብለጡን የምናረጋግጠው። ኮንሶሉ ዋና ይሆናል፣ ጠረጴዛው ደንበኛ። የተሰጠው ነፃነት ትልቅ ነው፤ ዲዛይነሩ መድረኩ ላይ የበራውን ሳይነካ የሚቀጥለውን ትዕይንት በስክሪኑ ላይ ማረም ይችላል።

አንድ ቅንብር ግን ቀርታለች። በብዙ ዘመናዊ ኮንሶሎች እያንዳንዱ ጣቢያ የተጠቃሚ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ሁለቱ ሰዎች የየራሳቸውን የትእዛዝ መስመር ይጽፋሉ፤ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ግን በአንድ መስመር ላይ አብረው ይጽፋሉ።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ውጭ አገር ስማር በአንድ ተውኔት ረዳት ዲዛይነር ነበርሁና ጠረጴዛውን የዘረጋሁት እኔ ነበርሁ። ኦፕሬተሩ በሙያው ያረጁ ሰው ነበሩ። ሁለቱንም ጣቢያዎች በቁጥር 1 ተውኋቸው። እንግዶች በተጋበዙበት የመጨረሻ ልምምድ ላይ «ከ21 እስከ» ብዬ ጽፌ፣ ተዋናይቷን ለማየት ቀና አልሁ። በዚያች ቅጽበት እሳቸው አንድ የሚብለጨለጭ አምፖል ለማጥፋት «45 ወደ 0» ብለው ጻፉ። ኮንሶሉ ሁለታችንን እንደ አንድ ሰው አነበበን፤ ከ21 እስከ 45 ያለው ሁሉ ጠፋ። ተዋናይቷ የልጇን ሞት የምትሰማበትን ንግግር በጨለማ ጨረሰች።

ከልምምዱ በኋላ አዘጋጁ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ አሳረፈ፤ ቁልፉ ያለው በእሳቸው እጅ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና። እኔም ለጥቂት ደቂቃ ዝም አልሁ። ከዚያ ተናገርሁ፤ ያቺ ዝምታ ግን እስካሁን ትከብደኛለች። በድምፅ እየተነጋገርን ብንሠራ ኖሮ ማን ምን እንዳዘዘ ሁሉም በጆሮ ማዳመጫው ይሰማ ነበር። እኔ ዘርግቼው የነበረው ጠረጴዛ ግን ንግግሩን አስቀርቶ ነበር።

በማግሥቱ ለጠረጴዛው ቁጥር 2 ሰጠሁት። እሳቸውም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት እንድነግራቸው። ተውኔቱ ለሕዝብ እስኪከፈት በቀሩት ሦስት ሌሊቶች፣ በጆሮ ማዳመጫው «እሺ» እስኪሉኝ ጣቴ ከቁልፉ በላይ ይቆይ ነበር።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።