ካርፕ፣ ጣናና የደጋው ገንዳ

ባለቀለሙ ኮይ የተገኘው ከተራው ካርፕ ነው። በጃፓኗ ኒጋታ ተራሮች ሩዝ የሚያርሱ ገበሬዎች ካርፕ ያረቡ የነበረው ለምግብ ነው። ቀይና ነጭ ሆነው የወጡትን እየመረጡ ማዳቀል የያዙት በ19ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ዝናው አገር ያዳረሰው እ.ኤ.አ. በ1914 የቶኪዮ ኤግዚቢሽን ነው።

ተራው ካርፕ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደማ፣ በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ነው። ኋላ የሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ጫጩቶቹን እያረባ አከፋፈለ።

ጎጃም ግን ከዚያ በፊትም የካርፕ ዘመዶች ነበሩት። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ እነዚህን ዘመዶች፣ የጣናን ነጭ ዓሣዎች፣ ለሳይንስ አስተዋወቀ፤ ዛሬ ከደርዘን በላይ ዝርያዎቻቸው ይታወቃሉ። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ግልገል አባይና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። የነገደ ወይጦ ዓሣ አጥማጆች ለዘመናት በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ፤ መረቡም የወንዞቹን አፍ ሲዘጋ ነጭ ዓሣው ክፉኛ ተመናመነ።

በደብረ ማርቆስ ቤቱ ውስጥ ኮይ ለማኖር የሚያስብ ጀማሪ ብርዱ ብዙ አያስፈራውም፤ ካርፕ ቀዝቃዛ ውኃ ይችላል። የሚያስቸግረው ከፍታው ነው። በ2,400 ሜትር ገደማ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ አየር መንፊያ ግድ ነው። ማጣሪያውም ከዓሣው ቀድሞ ሳምንታት መሥራት አለበት፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያከሽፉት ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ነው የሚራቡት። ያደገውን ኮይ ጨሞጋ ወንዝ መልቀቅ ደግሞ ነውር ነው፤ ጨሞጋ የሚገባው አባይ ነውና፣ ባዕዱ ዓሣ እዚያም ሊደርስ ይችላል።