ቤተ መንግሥት ሊሆን የነበረው ደብር

ወደ አምቦ ስንጓዝ አዲስ ዓለም ላይ የወረድነው ሻይ ለመጠጣት ነበር። ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ታሪክ ደግሞ፣ እንደ ለመድነው፣ የሚኖረው ጎንደርና ላሊበላ ነዋ! ኮረብታው ላይ ወዳለችው ማርያም የወጣነው አንዱ ጓደኛችን ስለጎተጎተን ነው።

የአውሮፓን ጎቲክ ገዳማት በመጽሐፍ ሥዕል አይተናል፤ ሹል ቅስት፣ ሽቅብ የሚመዘዝ ግንብ፣ ልጅ ከአባቱ እየተረከበ የሚክበው ድንጋይ። እነዚያ ከመሠረታቸው ለጸሎት የታሰቡ ናቸው። የአዲስ ዓለሟ ግን ስትጀመር የታሰበችው ለቤተ መንግሥት ነበር።

ነገሩ የማገዶ ጣጣ ነው። ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ፍልውሃው ሜዳ ሲዛወሩ ሠራዊቱና ከተሜው በዙሪያው ያለውን ደን አነደደው፣ አጠረው፣ ቤት ሠራበት። አዲስ አበባ በ1879 ተቆርቁራ ገና 15 ዓመት ሳይሞላት እንጨት ከሩቅ ይመጣላት ጀመር። ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ደን ወዳልራቀበት ወደዚህ ፊታቸውን አዞሩ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። የቤተ መንግሥቱ ሥራ ተጀመረ። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ የተዘረጋው መንገድም አገሪቱ ካየቻቸው የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሆነ።

ታዲያ ምን አስቀረው? ሌጋሲዮኖቹ አዲስ አበባ ላይ ገንዘብ አፍስሰው ስለነበር ነቅለው መሄዱን አልወደዱትም። ከሁሉ በላይ ግን ያቺን ከተማ ያተረፋት ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ዋና ከተማችን ዛሬ ባለችበት የቆመችው በአዋጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ በችግኝ ጭምር ነው። (ይህን በትምህርት ቤት ማን ነገረን?) ጅምሩ ቤተ መንግሥት ለማርያም ተሰጠ፤ የአክሱም ጽዮን አምሳያ እንድትሆን ታስባ ደብረ ጽዮን ተባለች።

ያስጎበኙን አባት ሥዕሎቹንና የነገሥታቱን ስጦታ እያሳዩ የእያንዳንዱን ሰጪ ስም ጠሩልን። ከመሃላችን አንዱ፣ «አባቴ፣ እንጨቱንና ድንጋዩን የተሸከሙትስ ከየት መንደር ነበሩ?» አላቸው።

«ከዚሁ ነዋ፣ ልጄ» አሉ፤ በመቋሚያቸውም ቁልቁል ያለውን እርሻ በሙሉ አሳዩን። አንድም ስም ግን አልጠሩም። እኛም ደብተራችን ላይ የምንጽፈው አጣን።

ወርደን የአምቦ መኪና ስንጠብቅ፣ የባሕር ዛፍ አጣና እስከ አፉ የጫነ አይሱዙ በአጠገባችን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።